የሻለቃው ሠንጠረዥ

ጎድፍሬይ ሃርዲና ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1918 ዓ.ም. በለንደን የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በዘመኑ የነበሩትን የቁጥር ሊቃውንት ያስደነቀ ሥራ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ጥናቱ በተወሳ ቁጥር የሚነሣውም የሁለቱ ስም ነው። በጥናቱ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ሠንጠረዥ ታትሞ ይገኛል። ከ1 እስከ 200 ያሉት ቁጥሮች በተራ ተደርድረው በእያንዳንዳቸው አንጻር ሌላ ቁጥር ተቀምጧል፤ በ5 አንጻር 7፣ በ100 አንጻር 190,569,292፣ በመጨረሻም በ200 አንጻር 3,972,999,029,388። ይህን ሠንጠረዥ ያሰላው ከሁለቱ ደራስያን አንዱም አልነበረም። ያሰላው ከጦር ሠራዊት ጡረታ ወጥቶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል፣ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ የመድፈኛ ሻለቃ ነበር።

የሠንጠረዡ ቁጥሮች የሚናገሩት ነገር ለልጅ እንኳ የሚገባ ነው። አንዲት የጉልት ነጋዴ 5 ድንች ይዛ ተቀምጣለች እንበል። አምስቱንም በአንድ መደብ ልታደርጋቸው ትችላለች፤ 4ና 1፣ 3ና 2፣ 3፣ 1ና 1፣ 2፣ 2ና 1፣ 2፣ 1፣ 1ና 1 አድርጋ ልትመድባቸው፣ ወይም አምስቱንም ለየብቻ ልትደረድራቸው ትችላለች። የመደቦቹ ቅደም ተከተል ካልተቆጠረ ከእነዚህ ከሰባቱ ሌላ መንገድ አይገኝም። ስለዚህ የ5 ክፍፍል ብዛት 7 ነው ይባላል። ድንቹ 10 ሲሆን ብዛቱ 42፣ 50 ሲሆን 204,226 ይሆናል፤ 200 ሲሆን ግን ወደ አራት ትሪሊዮን ይጠጋል። ጥያቄው እንዲህ ቀላል፣ የመልሱ ዕድገት ደግሞ እንዲህ ፈጣን በመሆኑ የክፍፍል ቆጠራ የስሌት ዘዴዎች ፍጥነትና የማስታወሻ ፍጆታ የሚፈተንበት አውድማ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ኮምፒዩተር በየደቂቃው የሚሠራውን ፈተና በዚያ ዘመን በወረቀትና በቀለም ያካሄደው ሰው ፐርሲ አሌግዛንደር ማክማሆን ነው።

ማክማሆን ሴፕቴምበር 26 ቀን 1854 በማልታ ደሴት፣ ስሊማ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ እስከ ብርጋዴር ጄኔራልነት የደረሰ መኮንን ነበር። ልጁም በቸልተንሃም ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በ1871 የመድፈኛና የመሐንዲስ መኮንኖች ወደሚሠለጥኑበት ወደ ዉልዊች ንጉሣዊ የጦር አካዳሚ ገባ። በ1873 የመቶ አለቅነት ማዕረግ ተቀብሎ ወደ ህንድ ተላከ። በ1877 ዛሬ የፓኪስታን ግዛት በሆነችው በኮሃት በሰፈረው የፑንጃብ የጠረፍ ኃይል የተራራ መድፈኛ ክፍል ውስጥ ተመደበ።

በዚያ ብዙ አልቆየም። ዓመቱ ሳያልቅ ታመመና በዲሴምበር ወር የ18 ወር የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሕመሙ ምን እንደነበረ በመዝገቡ አልተገለጸም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው የአፍጋኒስታን ጦርነት ፈነዳ። በሙሉ ጤንነት ላይ ቢሆን ኖሮ ማክማሆን ከክፍሉ ጋር ወደ ጦር ሜዳ መዝመቱ የማይቀር ነበር። ለአንድ ወጣት መኮንን እንዲህ ያለ ጊዜ ከክፍል መለየት በማዕረግ ዕድገት ረገድ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሒሳብ ግን በዚያ ሕመም ምክንያት አንድ ሰው ሳታተርፍ አልቀረችም።

ከፈቃዱ በኋላ በ1880 እንደገና ወደ ዉልዊች ተመልሶ ለመድፈኛ መኮንኖች የሚሰጠውን ከፍተኛ ትምህርት ተከታተለ። በዚያ የሚያስተምረው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ጆርጅ ግሪንሂል ነበር፤ ማክማሆን ወደ ምርምር ፊቱን ያዞረው በእርሱ ግፊት እንደሆነ ይታመናል። በ1882 በአካዳሚው የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። ወዲያውም በዘመኑ ታላላቅ የሚባሉት ኬይሊና ሲልቬስተር ለዓመታት ሲደክሙበት በነበረው የአልጀብራ ዘርፍ ውስጥ ያልተጠበቀ ግንኙነት አገኘ። ነገሩ ሲጠቃለል፣ አስቸጋሪ የሚመስሉ የአልጀብራ ጥያቄዎችን ወደ ቆጠራ ጥያቄነት መለወጥ ይቻላል የሚል ነበር። መለወጥ ከተቻለ ደግሞ የቀረው መቁጠር ነው፤ መቁጠር ደግሞ የማክማሆን ተሰጥዎ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ያለው የማዕረግና የሽልማት ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። በ1890 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1891 በመድፈኛ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ወታደራዊ አስተማሪነት ተሰጠው። ከ1894 እስከ 1896 የለንደን የሒሳብ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። በ1900 የሮያል ሶሳይቲን ንጉሣዊ ሜዳይ፣ በ1919 በወዳጁ በሲልቬስተር ስም የተሰየመውን ሜዳይ፣ በ1923 የደ ሞርጋንን ሜዳይ ተቀበለ። አንድ ነገር ግን አመለጠው። ሲልቬስተር በ1897 ሲሞት በኦክስፎርድ የያዘው የጂኦሜትሪ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ማክማሆንም አመለከተ። ወንበሩ የተሰጠው ለዊልያም ኤሰን ነበር። ኤሰን በሲልቬስተር ሕመም ዘመን ተተክቶ ሲያስተምር የቆየ ሰው በመሆኑ ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በምርምር ሥራ ሁለቱ የሚወዳደሩ አልነበሩም። ማክማሆን በሚቀጥለው ዓመት ከጦር ሠራዊት ጡረታ ወጣ፤ በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድም ቀን የፕሮፌሰር ወንበር ሳይዝ ኖረ።

በ1906 የተሰጠው ሥራ በእንግሊዝ የንግድ ቦርድ ሥር የሚዛንና የመለኪያ መስፈርቶች ምክትል ጠባቂነት ነበር። መሥሪያ ቤቱ የአገሪቱ ያርድና ፓውንድ የሚመሳከሩባቸውን ዋና ናሙናዎች የሚጠብቅ፣ በገበያ ያሉት መለኪያዎችም በእነርሱ እንዲስተካከሉ የሚያደርግ ነው። ሻለቃው እስከ 1920 በዚህ ሥራ ቆየ። ሁለት ጥራዝ ያለውን ታላቁን የቆጠራ ሒሳብ መጽሐፉን በ1915ና በ1916 ያሳተመውም፣ በ200 የሚያበቃውን ሠንጠረዥ ለሃርዲና ለራማኑጃን ያቀረበውም በዚሁ የአገልግሎት ዘመኑ ነው። ቀን የአገር መለኪያ ይጠብቃል፤ ከሥራ ውጭ ባለው ጊዜ ደግሞ ሌሎች የሒሳብ ሰዎች ዘዴያቸውን የሚያመሳክሩበትን መለኪያ ያዘጋጃል።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ አሠራር እንመለስ፤ የሙያ ባልደረቦች ከሁሉ ይልቅ ሊያዩት የሚገባው ይኸው ነውና።

የ200ን ክፍፍል ለመቁጠር የመጀመሪያው መንገድ ሁሉንም ዘርዝሮ መቁጠር ነው። የማስታወሻ ፍጆታው እዚህ ግባ አይባልም፤ በአንድ ጊዜ የሚያዘው አንድ ክፍፍል ብቻ ሲሆን እርሱም ቢበዛ 200 ቁጥሮች ነው። ጊዜው ግን ተስፋ የለውም። በሴኮንድ አንድ እየጻፈ፣ ሌሊት ከቀን ሳይተኛ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ከ125 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ሁለተኛው መንገድ ዛሬ የፕሮግራም ትምህርት ጀማሪዎች ሁሉ የሚማሩት ነው። በመጀመሪያ ባለ 1 መደቦች ብቻ ተፈቅደው የእያንዳንዱ ቁጥር ብዛት ይጻፋል፤ ቀጥሎ ባለ 2 ይጨመራሉ፣ ከዚያ ባለ 3፣ እንዲህ እያለ እስከ 200። በየደረጃው የቀድሞው ዓምድ በአዲሱ እየተተካ ስለሚሄድ የሚያስፈልገው ቦታ 200 ያህል ቁጥሮችን የሚይዝ አንድ ዓምድ ብቻ ነው። የመደመሩ ብዛት ግን ወደ 20 ሺህ ይጠጋል።

ማክማሆን የተጠቀመበት ሦስተኛው መንገድ ሊዮናርድ ኦይለር ከ170 ዓመት ገደማ በፊት ያገኘው ሕግ ነው። የአንድን ቁጥር ብዛት ለማግኘት 1ና 2 ወደኋላ ተሂዶ የሚገኙት ብዛቶች ይደመራሉ፤ 5ና 7 ወደኋላ ያሉት ይቀነሳሉ፤ 12ና 15 ወደኋላ ያሉት ይደመራሉ፤ 22ና 26 ወደኋላ ያሉት ይቀነሳሉ፤ እንዲህ ሁለት ሁለት እየሆነ ቁጥሩ እስኪያልቅ ይቀጥላል። የ10ን ለማግኘት ለምሳሌ የ9ኝን 30ና የ8ትን 22 ደምሮ የ5ትን 7ና የ3ትን 3 መቀነስ ነው፤ 42 ይሆናል። ዘዴው ውበቱ ርምጃዎቹ እየሰፉ መሄዳቸው ነው። ለ200 እንኳ የሚያስፈልጉት 22 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ከ1 እስከ 200 ሁሉም ሲደማመር 2,904 የመደመርና የመቀነስ ሥራ ይሆናል። ከሁለተኛው መንገድ ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጅ ያህል ያነሰ ነው። ዋጋው ግን በማስታወሻ በኩል ይከፈላል፤ ከዚህ በፊት የተገኘው ብዛት ሁሉ አንድም ሳይጣል መቀመጥ አለበት፣ የቁጥሮቹም ርዝመት እያደገ ሄዶ በመጨረሻ 13 አኃዝ ይደርሳል።

አንድ ሰው በሰንበት ሰንበት ተቀምጦ 2,904 መደመርና መቀነስ መሥራት የሚያቅተው አይደለም። የሚያስፈራው ድካሙ ሳይሆን ስሕተቱ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በቀደሙት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አንድ ቦታ የገባች የአንድ አኃዝ ግድፈት እስከ መጨረሻው ትከተላለች፤ መከተል ብቻም ሳይሆን ትፋፋለች። የፋፋችበትም መጠን በትክክል ይታወቃል። በ100 ላይ በ1 የሚበልጥ ቁጥር ተጽፎ ስሌቱ ቢቀጥል፣ በ200 ላይ የሚታየው ስሕተት የ100 ክፍፍል ብዛት ራሱ ይሆናል፤ ማለትም 190,569,292። በ190 ላይ የገባ የ1 ስሕተት በ200 ላይ 42 ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ቁጥር የራሱን ትክክለኛነት ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ከኋላው ያለውን ሰልፍ ሁሉ የሚመሰክር ነው። ስሕተቶች እርስ በርሳቸው ካልተጣፉ በስተቀር የ200 ብዛት ልክ ከሆነ ሠንጠረዡ በሙሉ ልክ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ልክ መሆኑን ማን ይናገር የሚለው ነው።

ይህን የተናገረው የሃርዲና የራማኑጃን ቀመር ነው፤ ይህም አራተኛው መንገድ ነው። ቀመሩ ከቀደሙት ቁጥሮች አንድም አይጠይቅም። ፓይንና ካሬ ሥርን በያዙ ቁራጮች ተሠርቶ፣ የተፈለገውን ቁጥር ብቻ ተቀብሎ መልሱን ይሰጣል። ለ200 የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻውን 3,972,998,993,185.896 ያስገኛል፤ ከእውነተኛው የሚጎድለው 36,202 ያህል ነው። ሁለተኛው ሲጨመር ክፍተቱ ወደ መቶ በታች ይወርዳል። ስምንት ቁራጮች ሲደመሩ 3,972,999,029,388.004 ይሆናል። ሻለቃው በ2,904 ርምጃዎች የደረሰበት ቁጥርና ቀመሩ በስምንት ቁራጮች የሰጠው ቁጥር በሺሕ አራት እጅ ብቻ ተለያዩ። ክፍልፋዩ ሲጣል አንድ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው ፈጣኑ ዝግተኛውን እንዳሸነፈ ተደርጎ ነው። እንዲህ መናገር ነገሩን ያሳንሰዋል። በ1918 ቀመሩ ስንት ቁራጭ ላይ ቢቆም ትክክለኛውን ቁጥር በእርግጥ እንደሚሰጥ ለአንድ የተወሰነ ቁጥር በአኃዝ የሚናገር ማረጋገጫ ገና አልነበረውም። ስምንት ቁራጭ መብቃቱ የታወቀው አጠገቡ የተሰላ ሌላ ቁጥር ስለነበረ ነው። ሠንጠረዡም በበኩሉ ከግድፈት ነፃ መሆኑን ያረጋገጠለት ከእርሱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ቀመር ወደ አንድ ቦታ መምጣቱ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ምስክር ሆኑ። ደግሞም ፍጥነትን ሲያነጻጽሩ የሚፈለገው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንድ ቁጥር ብቻ ከተፈለገ ስምንቱ ቁራጮች ወደር የላቸውም፤ ሁለት መቶውም ከተፈለጉ ግን የኦይለር መንገድ ለእያንዳንዱ ቁጥር በአማካይ ከ15 የማይበልጥ ተራ መደመርና መቀነስ ነው የሚጠይቀው፣ ቀመሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁጥር የኤክስፖኔንሺያል ስሌት እስከ 13ና 14 አኃዝ ድረስ እንደገና ይጠይቃል። በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሻለቃው ከራማኑጃን ጋር በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ በቃል ስሌት ይወዳደር እንደነበርና ብዙ ጊዜም ይቀድመው እንደነበር ከሃርዲ ተሰማ ተብሎ ይተረካል። ወሬው በሁለት በሦስት አፍ ያለፈ በመሆኑ እንደ ወሬነቱ መያዝ አለበት። በ2015 የወጣው የራማኑጃን ታሪክ ፊልም ደግሞ ሻለቃውን በመጀመሪያ ላይ ተጠራጣሪ አድርጎ ያሳየዋል፤ ተመልካችን ለመያዝ ይጠቅም ይሆናል፣ ሠንጠረዡ ላይ የፈሰሰውን ላብ ግን አያሳይም።

የሠንጠረዡ ትልቁ ውለታ የተገኘው ከቀመሩ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ነው። ራማኑጃን ቁጥሮቹን ደጋግሞ ሲመለከት አንድ ነገር አስተዋለ። የ4፣ የ9፣ የ14፣ የ19ና የ24 ብዛቶች 5፣ 30፣ 135፣ 490ና 1,575 ናቸው፤ ሁሉም ለ5 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ከ5 ተነሥቶ በ7 በ7 እየዘለሉ የሚገኙት 7፣ 77፣ 490፣ 2,436 ለ7 ይካፈላሉ። ከ6 ተነሥቶ በ11 በ11 ሲዘለል የሚገኙት 11፣ 297፣ 3,718 ለ11 ይካፈላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በ1919 በታተመ ጽሑፉ አረጋገጠ። ፈጣኑ ቀመር አንድ አንድ ቁጥር እየሰጠ ቢኖር ኖሮ ይህ ሰልፍ ለዓይን ይታይ ነበር ለማለት ያስቸግራል። የታየው ሁለት መቶው ቁጥር አንድም ሳይጎድል በተከታታይ ስለተጻፈ ነው። ማስታወሻ ይፈጃል ተብሎ የሚወቀሰው ዘዴ ያከማቸውን መልሶ ከፈለ።

ለማክማሆን ራሱ ሠንጠረዥ መሥራት የማረጋገጫ ምትክ ሳይሆን የማስተዋል መንገድ ነበር። በ1916 በታተመው ሁለተኛ ጥራዝ ራማኑጃን ከህንድ የላከውን አንድ እኩልነት አትሞ ይገኛል። ይዘቱ ይህ ነው፤ አንድን ቁጥር በመካከላቸው ቢያንስ የ2 ልዩነት ባላቸው መደቦች የመክፈል ብዛትና ለ5 ሲካፈሉ 1 ወይም 4 በሚቀራቸው መደቦች የመክፈል ብዛት ሁልጊዜ እኩል ነው። ለ9 ሲሞከር በመጀመሪያው መንገድ 9፣ 8ና 1፣ 7ና 2፣ 6ና 3፣ 5፣ 3ና 1 ይገኛሉ፤ አምስት ናቸው። በሁለተኛውም ዘጠኝን በ9፣ በ6፣ በ4ና በ1 ብቻ መመደብ የሚቻለው በአምስት መንገድ ነው። ያን ጊዜ ማረጋገጫ የሚያውቅለት ሰው በካምብሪጅ አልነበረም። ማክማሆን ሁለቱንም ወገን እየዘረጋ እስከ 89 ድረስ አሰላ፤ አንድም ልዩነት አላገኘም። ይህን ካደረገ በኋላ ማረጋገጫ እንደሌለው በግልጽ ጽፎ አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ ራማኑጃን አሮጌ መጽሔቶች ሲያገላብጥ እኩልነቱ በ1894 በሊዮናርድ ሮጀርስ ተረጋግጦ እንደነበር፣ ነገር ግን ማንም ልብ ሳይለው እንደቀረ አገኘ።

ስለ ፍጥነትም ቢሆን ሻለቃው ግድ የሌለው ሰው አልነበረም። ከጡረታው በኋላ ባወጣው አንድ አጭር ጽሑፍ የአንድ ቁጥር ክፍፍል ብዛት ጎዶሎ ነው ወይስ ሙሉ የሚለውን ብቻ ለማወቅ ብዛቱን ማግኘት እንደማያስፈልግ አሳየ። ዘዴው ጥያቄውን ከቁጥሩ አንድ አራተኛና ከዚያ በታች ወዳሉ ቁጥሮች ያወርደዋል፤ እነዚያንም እንደገና ወደ ሩባቸው። በዚህ መንገድ የ1000 ክፍፍል ብዛት ጎዶሎ መሆኑን በጥቂት ደቂቃ ሥራ ደረሰበት። ብዛቱ ራሱ 32 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ እርሱን በ1921 በወረቀት ላይ አወጣለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ወራት ይጠብቁት ነበር።

ሠንጠረዥ ግን ድንበር አለው፤ የማክማሆን ድንበር 200 ነበር። ራማኑጃን በ5፣ በ7ና በ11 ያየውን መካፈል ወደ እነዚህ ቁጥሮች ከፍተኛ ርቢዎች አስፋፍቶ አጠቃላይ ግምት አስቀምጦ ነበር። በሠንጠረዡ ውስጥ ግምቱን የሚያፈርስ አንድም ቁጥር አልተገኘም። በ1930ዎቹ የህንዱ የሒሳብ ሰው ሃንስራጅ ጉፕታ በዚያው በዝግተኛው መንገድ ሠንጠረዡን እስከ 300 ገፋው። የአገሩ ልጅ ሳርቫዳማን ቻውላ አዲሶቹን ቁጥሮች ሲመረምር በ243 ላይ ቆመ። በግምቱ መሠረት የ243 ብዛት ለ343፣ ማለትም ለሦስት 7 ብዜት፣ መካፈል ነበረበት። ብዛቱ 133,978,259,344,888 ነው፤ ለ49 ይካፈላል፣ ለ343 ግን አይካፈልም። ስሕተቱ ከሻለቃው ሠንጠረዥ ጫፍ 43 ርምጃ ርቆ ተደብቆ ነበር። ጆርጅ ዋትሰን የታረመውን ግምት ለ5ና ለ7 በ1938 አረጋገጠ፤ የ11ዱ በኦሊቨር አትኪን እስኪረጋገጥ እስከ 1967 ቆየ።

ቀመሩም ባለበት አልቀረም። ሃንስ ራዴማኸር በ1937 በጥቂት ማሻሻያ ወደ ትክክለኛው ብዛት የሚጠጋ ፍጹም ተከታታይ አደረገው። ዴሪክ ለህመር ደግሞ የመጀመሪያው ቀመር ያለ ገደብ ቢቀጥል መልሱን እንደሚስት አሳየ፤ የት ላይ ማቆም እንደሚገባም ወሰነ። በዚህ መሠረት ላይ ፍሬድሪክ ዮሃንሰን በ2012 ባሳተመው ሥራ የአንድ ትሪሊዮንን ክፍፍል ብዛት በኮምፒዩተር አሰላ፤ ውጤቱ 1,113,996 አኃዝ አለው። በ2014 ከ1 በኋላ 20 ዜሮ ያሉትን ቁጥር ሲያሰላ ደግሞ መልሱ ከ11 ቢሊዮን አኃዝ በላይ ሆነ፤ ማሽኑም ከ100 ጊጋባይት በላይ ማስታወሻ ፈለገ። ቀደም ሲል አንዳች አያስታውስም የተባለው ፈጣኑ መንገድ፣ ቁጥሩ እጅግ ሲገዝፍ መልሱን ራሱን ለመያዝ ሲል የማስታወሻ ዕዳ ውስጥ ገባ። የኦይለር መንገድ ለዚህ ቁጥር የሚታሰብ አይደለም፤ ከፊቱ ያሉትን ብዛቶች ሁሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ በምድር ላይ የለም።

ማክማሆን ይህን ሁሉ አላየም። በ1920 ከመለኪያ መሥሪያ ቤቱ ጡረታ ከወጣ በኋላ መኖሪያውን ወደ ካምብሪጅ አዞረ። በ1921 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ሒሳብ ጨዋታዎች ነበር፤ ስድስት ገጻቸው በስድስት የተለያየ ቀለም ስለሚቀቡ ጥርብ ኩቦች ቀደም ሲል ያጠናው ነገር ዛሬም በእንቆቅልሽ ወዳጆች ዘንድ በስሙ ይጠራል። እንደነዚህ ያሉ ኩቦች 30 ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ቆጥሮ ያገኛቸው እርሱ ነው። በመጨረሻ ዓመታቱ ጤናው ሲጓደል ወደ ደቡብ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ቦግነር ሄደ። እዚያም በ1929 የፈረንጆች ገና ዕለት፣ በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

ጽሑፎቹ በየመጽሔቱ ተበትነው ከቆዩ በኋላ አሜሪካዊው የክፍፍል ሊቅ ጆርጅ አንድሩስ ሰብስቦ ከማብራሪያ ጋር በሁለት ጥራዝ አዘጋጃቸው፤ የመጀመሪያው በ1978፣ ሁለተኛው በ1986 ታተመ።